ሳንሸመድደው የቀረው ቁጥር

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤታችን በር ገርበብ ብሎ፣ ውስጡም ጭር ብሎ አገኘሁት። ምድጃው ላይ የተጣደው ውኃ ይንተከተካል። የእናቴ ጫማ በሩ አጠገብ እንደ ወለቀ ነው፤ አንደኛው በጎኑ ወድቋል። «እማዬ!» ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ሌላ ልጅ ቢሆን እናቴ ጎረቤት ሄዳለች ብሎ ቦርሳውን አስቀምጦ ወደ ጨዋታው ይሮጥ ነበር። እኔ የሮጥኩት ወደ ታናሽ እህቴ አልጋ ነው። እህቴ ገና የስድስት ወር ሕፃን ስለ ነበረች፣ ከቤታችን ማንም ባይወሰድ እርሷ እንደምትወሰድ በእርግጠኝነት አውቅ ነበር። አልጋዋ ባዶ ነበር። ብርድ ልብሱ ተገልጧል፤ እጄን ሳሳርፍበት ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም። ያን ጊዜ ጌታ መጥቶ እንደ ሄደ፣ ቤተሰቤን በሙሉ ወደ ሰማይ እንደ ነጠቀና እኔ ብቻዬን እንደ ቀረሁ አንድም ጥርጥር አልነበረኝም።

ምን ያህል ደቂቃ እንደ ቆየሁ አላውቅም። ያደረግሁትን ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ ያስቀረኝ የትኛው ኃጢአት እንደ ሆነ ለማወቅ የሳምንቱን ጥፋቶቼን ቆጠርኩ። ቀጥሎ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነው ትዝ አለኝ፤ የቀሩት ሰዎች በግንባራቸው ወይም በእጃቸው ምልክት እንዲቀበሉ እንደሚገደዱ፣ እምቢ ያሉት አንገታቸው እንደሚቀላ፣ የመዳን ተስፋ የሚኖራቸውም በዚያ መንገድ ብቻ እንደ ሆነ ተነግሮናል። ስለዚህ ከእህቴ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ ምልክቱን እንደማልቀበል፣ ሰይፉ ሲመጣም ዓይኔን እንደምጨፍን ወሰንኩ። ይህን የወሰነችው የደንብ ልብሷን እንኳ ያላወለቀች የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

እናቴ ሕፃኗን አቅፋ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምታ መጣች። ጎረቤታችን ድንገት ታምማ ሊረዷት ተጠራርተው ኖሯል። ስታየኝ ደነገጠች፤ የሆነውን ስነግራት አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። እንባዬን በመዳፏ እየጠረገች፣ «የዛሬውን ግን አትርሺው ልጄ፤ ሁልጊዜ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ» አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ያን ቃል የተናገረችው በምድር ላይ ከማንም አብልጣ የምትወደኝ ሰው ስለ ነበረች፣ ፍርሃቱና ፍቅሯ አንድ ላይ ተሰፍተው በውስጤ ተቀመጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዱን ልተረትረው ስሞክር ሌላው አብሮ የሚሳበው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ቤታችን የጸሎት ቤት ነበር። ጠዋት ከመውጣታችን በፊት፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት እንጸልያለን፤ ዘፈን አይከፈትም፤ «ዓለማዊ» ከተባሉ ልጆች ጋር መዋል አይፈቀድም። ጥቅስ በቃል ማጥናት ግዴታችን ነበር፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ መጽሐፉን፣ ምዕራፉንና ቁጥሩን ጠርቶ ሳይሳሳቱ መውረድ ትልቅ ክብር ነው። እኔም በዚህ የታወቅሁ ነበርኩ። ከሁሉ አስቀድሜ ከያዝኳቸው አንዱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ያለው፣ «ሁለት ሰዎች በእርሻ ይሆናሉ፤ አንዱ ይወሰዳል አንዱም ይቀራል» የሚለው ነው። ሁለተኛው ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ከተጻፈው ከመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 16 እና 17፣ ጌታ ከሰማይ እንደሚወርድና አማኞች በደመና እንደሚነጠቁ የሚናገረው ነው። አስተማሪያችን አብራሪው ተነጥቆ በሰማይ ላይ ያለ ነጂ ስለ ቀረው አውሮፕላን፣ በእናቲቱ እጅ ላይ ልብሱ ብቻ ስለ ቀረው ሕፃን እየተረከልን በዚያው ጥቅስ ይዘጋል። ከዚያም ዓይናችንን እንድንጨፍንና ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን እንዲያነሣ ይጠይቃል። እኔ ሁልጊዜ አነሣ ነበር። ያለፈው ሳምንቱ አልሠራልኝ ይሆናል ብዬ እሰጋ ስለ ነበር፣ ጌታን ስንት ጊዜ እንደ ተቀበልኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ሌሊቱ ከሁሉ ይከፋ ነበር። ከመተኛቴ በፊት የቀኑን ኃጢአት በዝርዝር እናዘዛለሁ፤ አንዲት ነገር ብዘልል ንስሐው እንደ ፈረሰ እቆጥርና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በባዶ እግሬ ወደ ወላጆቼ መኝታ ቤት በር ሄጄ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። አባቴ ያንኮራፋል። ሌሎች በማንኮራፋቱ ይቀልዱበት ነበር፤ ለእኔ ግን ያ ድምፅ ጌታ ገና አለመምጣቱን የሚያረጋግጥልኝ ብቸኛ ማስረጃ ነበር። አንዳንድ ሌሊት ድምፁ ድንገት ሲቋረጥ እስኪመለስ ድረስ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቁጥር 29 በመንፈስ ቅዱስ ላይ ስለ መሳደብ የተጻፈውን፣ ለዘላለም የማይሰረየውን ኃጢአት አነበብኩ። ካነበብኩበት ሰዓት ጀምሮ እንዳላስበው የምጥረው ክፉ ቃል ያለ ፈቃዴ በአእምሮዬ ይመላለስ ጀመር፤ እኔም አለቀልኝ አልኩ። ይህ ሕመም ስም እንዳለው ያወቅሁት አድጌ ነው። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ቡንያን እ.ኤ.አ. በ1666 ባሳተመው የራሱ የሕይወት ታሪክ፣ ክርስቶስን «ሽጠው፣ ሽጠው» የሚል ሐሳብ ያለ ፈቃዱ እየተመላለሰበት እንደ ተሠቃየና ይቅር የማይባለውን በደል ፈጽሜያለሁ ብሎ ተስፋ እንደ ቆረጠ ጽፏል። ዛሬ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን፣ በኃጢአትና በንስሐ ዙሪያ የሚሽከረከር የማያቋርጥ ጭንቀት፣ በግድ ከሚመላለስ ሐሳብና ከሚደጋገም ድርጊት ሕመም ጋር ይመድቡታል። በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስም፣ «ስክሩፑሎሲቲ»፣ የመጣው «ስለታም ትንሽ ጠጠር» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ጫማ ውስጥ ገብታ በየእርምጃው የምትወጋ ጠጠርን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ስጨነቅ የሚያዩኝ ሁሉ እግዚአብሔርን የምትፈራ ልጅ ብለው አመሰገኑኝ።

የመጀመሪያውን ጥያቄዬን የጠየቅሁት በዚያው ዓመት ነው። «ቀኑን ሙሉ በትክክል ኖሬ፣ ጌታ ከመምጣቱ ከአንድ ደቂቃ በፊት ክፉ ነገር ባስብና ንስሐ ሳልገባ ቢመጣ እቀራለሁ?» ብዬ አስተማሪያችንን ጠየቅሁት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያስጠይቅ ጠላት ነው፤ ተጠንቀቂ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቅ ራሱ ማታ ማታ ከምናዘዛቸው ኃጢአቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። አንድን ልጅ ለብዙ ዓመት ዝም ለማሰኘት ከዚህ የበለጠ ነገር አያስፈልግም፤ አፏን ማንም አልዘጋውም፣ ራሷ ትጠብቀዋለች።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ሲሆን አባቴ ዐረፈ። በቀብሩ ላይ ሽማግሌው መጽሐፉን ገልጠው ከመጀመሪያው የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 4 ከቁጥር 13 ጀምረው አነበቡ። ሲያነቡ ከንፈሬ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ወደ ቁጥር 17 ሲደርሱ እንደ ልማዴ ሆዴ ተኮማተረ፤ «በደመና እንነጠቃለን» የሚለውን አብሬያቸው አልኩና አፌን ዘጋሁ። ሽማግሌው ግን አላቆሙም። «ስለዚህ እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ» ብለው ቁጥር 18ን አነበቡና መጽሐፉን አጠፉ። ያን ቁጥር እንደማላውቀው የተረዳሁት በዚያ ቅጽበት ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያህል በቃሌ የያዝኩት ክፍል አንድ ቁጥር ይጎድለው ነበር፤ የጎደለውም ጳውሎስ ቃሉን የጻፈበትን ምክንያት የሚናገረው ቁጥር ነው።

ከቀብር ተመልሼ፣ ለቅሶ ቤቱ ጸጥ ሲል የአባቴን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ ምዕራፉን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። የተሰሎንቄ ምእመናን ሰው ሞቶባቸው ያዝናሉ፤ ጳውሎስ ደግሞ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ፣ የሞቱት ወገኖቻቸው እንዳልተረሱ ይጽፍላቸዋል። ደብዳቤው ለኀዘንተኞች የተላከ ነበር። በዚያ ሌሊት እኔም ኀዘንተኛ ስለ ነበርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ የተጻፈ ሆኖ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ በቃሌ ከያዝኳቸው ጥቅሶች በፊትና በኋላ ያለውን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ 24 ከቁጥር 40 ሁለት ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሼ ሳነብ፣ ስለ ኖኅ ዘመን ሰዎች፣ «የጥፋት ውኃ መጥቶ ሁሉን እስከ ወሰደ ድረስ» ይላል። በዚያ ታሪክ የተወሰዱት የጠፉት ናቸው፤ የቀረው ኖኅ ነው። አንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም በእርሻው ላይ ስለ ተወሰደው ሰው ሲያስረዱ ይህንኑ ያነሣሉ። ትክክለኛው ፍቺ ይህ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት የቀረባት ልጅ ግን «መቅረት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት ሊኖረው እንደሚችል የሚነግራት አንድ ሰው ማግኘት ይገባት ነበር።

ከዚያም ታሪኩን ፈለግሁ። በዓለም ፍጻሜ ይመጣል ከሚባለው ከታላቁ መከራ በፊት አማኞች በድብቅ ይነጠቃሉ የሚለው ትምህርት፣ እኛ በተማርነው መልኩ ሥርዓት ይዞ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ ጆን ኔልሰን ዳርቢ በተባለ ሰባኪ ስብከት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ወደ ብዙ አገልጋዮች እጅ አደረሰው። ይህን ሳነብ በቁጣ ተንቀጠቀጥኩ። ከሐዋርያት ጀምሮ የሁሉም ክርስቲያን እምነት ነው ብዬ በዚያ ዕድሜዬ አንገቴን ልሰጥለት የተዘጋጀሁለት ዝርዝር የዚህን ያህል የቅርብ ጊዜ ነበር። ስለ ክርስቶስ መምጣት የሚያምኑ፣ ስለዚህ ዝርዝር ግን ሰምተው የማያውቁ እልፍ አእላፍ ክርስቲያኖች በመካከሉ ኖረው አልፈዋል።

ነገር ግን ማወቅ ብቻውን ፍርሃትን አያስወጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ ሰባኪ፣ ሜይ 21 ቀን ቅዳሜ በየአገሩ ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ንጥቀት እንደሚሆን ዐውጆ ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ማንም እንደማያውቅ በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 24 ቁጥር 36 ተጽፏል፤ ስለዚህ ለሰውየው ስሌት ቅንጣት ታህል እምነት አልነበረኝም። ቢሆንም በዚያ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። እጄ ያልበኝ ነበር። 12 ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ለእናቴ ደወልኩና ስለ ማይረባ ነገር እያወራሁ 12 ሰዓት ከአምስት እስኪሆን ድረስ ስልኩን አላስዘጋኋትም። አእምሮዬ የመረመረውን ሰውነቴ ገና አልሰማም ነበር።

ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ የማምነውን ለመናገር ያህል፣ ልጅን ለእግዚአብሔር ማሳደግ በደል ነው አልልም። ስለ ተማርኳቸው መዝሙሮች፣ ለታመመ ጎረቤት ምድጃ ላይ ያለውን ውኃ ትቶ የሚሮጥ ቤት ውስጥ ስላደግሁ አመሰግናለሁ። አሁንም እጸልያለሁ፤ ኃጢአቴን ግን በቁጥር አላስቀምጥም። ነገር ግን ገና ማመዛዘን ለማይችል ልጅ እናትህ ትወሰዳለች፣ አንተ ትቀራለህ ብሎ ማስተማር፣ የልጁን ትልቁን ፍርሃት ወስዶ ለእምነት መሠረት ማድረግ ነው፤ ይህን ማንም በማንኛውም በጎ ሐሳብ ቢያደርገው ስህተት ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ጥያቄዬን ከጠላት ነው ያሉኝን ሰዎች ይቅር ብያለሁ። ያን መልስ ግን ለማንም ልጅ አልደግመውም።

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራ ያን ቀን ታስታውሰው እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «እንዴት እረሳዋለሁ!» አለችኝ። ማታ ማታ በራቸው ላይ ቆሜ የአባቴን ማንኮራፋት አዳምጥ እንደ ነበር ያን ጊዜ ነገርኳት፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም በዝግታ፣ «እኔም እኮ ሌሊት ስነቃ ድምፁ ከጠፋብኝ እጄን ደረቱ ላይ አሳርፍ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ተነሥቼ የእህትሽን እግር እነካለሁ። እናንተ ሁላችሁ ሄዳችሁ እኔ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር።»

በዚያ በር ወዲህና ወዲያ ሁለታችንም አንድ ሰው መተንፈሱን እንጠብቅ ኖሯል።

ምን ልላት እንደሚገባ ጠፋኝ። መጽሐፉን አንሥቼ ምዕራፉን ላንብብልሽ አልኳት፤ እሺ አለች። ቁጥር 17 ላይ ስደርስ እርሷም በቃሏ ትከተለኝ ነበርና እንደ ልማዷ ልታቆም ስትል፣ «ቆዪ እማዬ፣ አላለቀም» አልኳት። ቁጥር 18ን አነበብኩላት። «እስቲ ድገሚልኝ» አለች፤ ደገምኩላት።