መብራት ሲጠፋ የሚሰማው

ዛሬ ከሰዓት መብራት ጠፋ። የአውቶቡስ መገጣጠሚያው እንዲህ ጸጥ ሲል ሁልጊዜ ሆዴን ያባባዋል። ግራይንደሩም፣ ብየዳውም፣ ክሬኑም ዝም ይላሉ፤ የሚቀረው የአየር ፉጨት ብቻ ነው። የታመቀው አየር ታንከር ግፊት ገና 7 ባር ላይ ስለሆነ የአየር መስመሩ በየመጋጠሚያው ይተነፍሳል። ለጥገና ሰልጣኞች ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላውቅም፤ ሌላ ጊዜ በጩኸቱ ተውጦ የማይሰማው ሁሉ አሁን ይሰማል።

ሥራው የሳሙና ውሃና ብሩሽ ይዞ ፉጨቱን መከተል ነው። ዋናው ቧንቧ እምብዛም አያፈስም። የሚያፈሰው ቶሎ የሚነቀለው የጎማ መጋጠሚያ፣ የፊልተሩ ማስተንፈሻና ቱቦ ተገፍቶ የሚገባበት ማያያዣ (ፊቲንግ) ነው። በፒንሳ የተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ አፉ ይጨፈለቃል፣ ይጣመማል፤ ኦሪንጉ (አየር እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ዙሪያውን እኩል አይዘውም። በቱቦ መቁረጫ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ እስኪነካ መግፋት ነው። ማፍሰስን የሚከላከለው የቴፍሎን ጥብጣብ ሲጠቀለል ደግሞ ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ የመጀመሪያው ጥርስ ባዶ ሆኖ። ያ ጥርስ ከተሸፈነ ብጣሹ ተቆርጦ ቫልቩ ውስጥ ይገባል፤ ቫልቩ አልዘጋ ይልና ሰው ችግሩ የኤሌክትሪክ መስሎት ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲፈትሽ ይውላል።

በ6 ባር አንዲት የ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሰከንድ 10 ሊትር ያህል አየር ታፈሳለች፤ ያንን ለመተካት አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር 3 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች አየሩ ስስ ነው። ካታሎጉ ለባሕር ጠለል የጻፈው ኮምፕረሰር እዚህ የሚሰጠው አየር በክብደት ሩብ ያህል ይጎድላል። በዚህ ላይ የሚፈስ ሲጨመርበት ቀለም ቤቱ ግፊት አነሰኝ ቢል ምን ይገርማል።

ልጆቹ በፉጨቱ ተመስጠው እጃቸውን ወደ ብየዳው ጂግ፣ የሚበየደውን ብረት ጨብጦ ወደሚይዘው ማሽን፣ ሲሰዱ ግን ሐሳቤ ሁሉ ወደ እጃቸው ሄደ። መብራት ጠፋ ማለት ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም። ጂጉ ላይ ያለው በአየር የሚገፋ የ63 ሚሊሜትር ሲሊንደር በ6 ባር 190 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይጫናል። ቫልቩ ላይ ያለችውን የእጅ መግፊያ አንድ ጣት ከነካት ጂጉ ያለ ኤሌክትሪክ ይዘጋል። መብራቱ ሲመለስ የሚሆነውን ደግሞ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁልፍ ይቆልፍበታል፣ መክፈቻው የሚቀመጠው በገዛ ኪሱ እንጂ ጓደኛው ዘንድ አይደለም። መልቲሜትሩ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይሞከራል፤ ከዚያ ሦስቱ ፌዞች እርስ በርሳቸው፣ እያንዳንዳቸውም ከግራውንድ ጋር ይለካሉ፤ መጨረሻ ላይ መልቲሜትሩ ራሱ እንዳልሞተ ለማወቅ የታወቀው ቦታ ላይ እንደገና ይሞከራል። የአየሩ ቫልቭ ተዘግቶ የቀረው አየር ይለቀቃል፣ ጌጁ ዜሮ ይነበባል። የተንጠለጠለ ነገር ካለ በድጋፍ ይያዛል፤ አየሩ ሲወጣ ክብደቱ ቁልቁል ይመጣልና። በመጨረሻም ማስነሻው ተጭኖ እንደማይነሳ ይረጋገጣል።

ይህ ሁሉ በወጉ ከተሠራ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። መመዘኛ ስናዘጋጅ ግን ሆን ብለን ከማሽኑ አንድ ሽቦ እንፈታለን፣ ሰዓት እንይዛለን፤ ቶሎ ያስነሳው ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል። ቁልፉን ቆልፎ፣ ለክቶ፣ አየሩን አስተንፍሶ የጀመረው ልጅ ወደኋላ ይቀራል። ሰዓቱን እናንሳው እንዳልል፣ መስመር ሲቆም ከኋላው ያሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚጠብቁት፤ ደቂቃው የምር ነው። መቆለፉን ለብቻው ነጥብ እንስጠው ብንል ደግሞ ለፈተና ብቻ የሚቆልፍ ልጅ እናወጣለን ብዬ እሰጋለሁ። ሰዓቱ ቁልፉ ከተቆለፈ በኋላ መቆጠር ቢጀምርስ? መስመሩ ላይ ያለው ፎርማን ግን እንዲህ ይቆጥርላቸዋል?