ጅማ ላይ ዮጋ ለምትፈልጉ

ጅማ ዮጋ የት አለ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ እዚሁ ልጻፈው። የአዲስ አበባን ያህል ምርጫ አትጠብቁ። እዚህ እኔ ያየሁት አብዛኛው ጂም ቤት ውስጥ ከኤሮቢክስ ጋር ተደርቦ የሚሰጥ ነው፤ ሙዚቃው ጣራ ይነቅላል፣ አሰልጣኙ ፊት ቆሞ ይቆጥራል፣ ከኋላ ያለው ሰው ምን እየሆነ እንደሆነ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ላብ ይወጣችኋል፣ አይከፋም። ዮጋ ግን አልለውም።

እኔን ወገቤን ያመኛል። ስለዚህ ከሰርተፊኬቱ በፊት የማየው አስተማሪው ምን እንደሚጠይቀኝ ነው። አንዱ ጋ ስሄድ የጠየቀኝ "በወር ነው በቀን የምትከፍይው?" ብቻ ነበር። ወገቤን ስለው "አይዞሽ፣ ይፍታታል" አለና ጎንበስ ብለሽ የእግርሽን ጣት ንኪ! የዲስክ መንሸራተት ላለበት ሰው ጀርባን አጉብጦ ማጎንበስ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። ቻው ብዬ ወጣሁ።

አሁን የምታሠራን ልጅ ምንጣፍ ሳልዘረጋ ነው የጀመረችው። ደም ግፊት አለብሽ? ቀዶ ሕክምና አድርገሻል? እርጉዝ ነሽ? ዓይንሽንስ? ዓይን ምን አገባው ስላት፣ ግላኮማ ያለበት ሰው ተዘቅዝቆ ሲቆይ የዓይኑ ግፊት ይጨምራል አለችኝ። ጉልበቴ መሬት አልደርስ ሲል የታጠፈ ጋቢ ከሥሩ ትሸጉጣለች፤ እግሬን ወደ ላይ የምስብበት ማሰሪያ ደግሞ ያረጀ ነጠላ ነው። እንዲህ በዕቃ እየደገፉ ማሠራትን ያስፋፋው በ2014 እ.ኤ.አ. ያረፈው ሕንዳዊው የዮጋ መምህር አየንጋር ነው፤ ጋቢውን ግን የጨመርነው እኛ ነን።

ወረቀቱስ? ብዙ ጊዜ የምታዩት "200 ሰዓት" የሚለውን ነው፣ የአስተማሪነት መነሻ ሥልጠና ማለት ነው። ዮጋ አሊያንስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ይመዘግባል እንጂ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈትኖ አያሳልፍም። የት ተማርሽ፣ በአካል ነው በኦንላይን ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ አስተማሪ አይቀየምም።

የሃይማኖት ነገርም መነሳቱ አይቀርም። ሥሩ ሕንድ ነው፣ መካድ አያስፈልግም። ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቃል ወይም ድምፅ) የማትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። እኛ ጋ ትንፋሽና እንቅስቃሴ ብቻ ነው፣ ሂጃብ ያደረገችም ማተብ ያሰረችም ጎን ለጎን ትሠራለች።

ደግሞ የወር ቀድማችሁ አትክፈሉ። አንድ ቀን ሥሩ፤ አመመኝ ስትሉ "ቻይው" የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።