የሃርድቶፑ መሪ የላላው የት ላይ ነበር?

ከሱሉልታ ተነስቶ እንጦጦን በማለፍ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው፣ መሪው የማይታመን መኪና ይዞ እዚያ ቁልቁለት ላይ መገኘት ምን እንደሚመስል ማብራሪያ አያሻውም። ለድርቆሽና ለወተት ማመላለሻ ብዬ የገዛሁት አሮጌ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ጠባዩን ያሳየኝ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እዚያው ላይ ነው። የግራው ጎማ አንዲት ጉድጓድ እንደረገጠ መሪው እጄ ውስጥ ግራና ቀኝ መማታት ጀመረ፤ ፍሬን ይዤ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር በታች እስኪወርድ ድረስም አልተወኝም። ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ በጎኔ ሲያልፍ ሾፌሩ የሰከርኩ ሳይመስለው አልቀረም።

መኪናው ኤችዜድጄ 75 የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 የፊቱን ባሌስትራ አውጥቶ ጥቅል ሞላ (ስፕሪንግ) ከማስገባቱ በፊት የተሠራ በመሆኑ ፊቱም ኋላውም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እንደኔ ያለ ገዢ ያረጀውን መርጦ መጠገኑን እንጂ ሌላ አማራጭ ብዙም አያይም። ስለዚህ ሲገዛ ቢያንስ ማየት ያለበትን ማየት ነበረበት። እኔ ግን ፊት ለፊቴ የነበረውን ምልክት አላየሁትም። ከሥሩ ሁሉም ነገር ጭቃና ዝገት የለበሰ ሆኖ ሳለ፣ የመሪው አሞርዛተር (የመሪውን ንዝረት የሚያበርደው ዘንግ) ብቻ ቀለሙ ያልተነካ አዲስ ነበር። በጊዜው ባለቤቱ ለመኪናው የሚጨነቅ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ። አሁን እንደማውቀው ያ አሞርዛተር መንቀጥቀጡን ይደብቃል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋም፤ መኪናው ለሽያጭ እስኪታይ ድረስ ለሚፈለገው ጊዜ ያህል ደግሞ በደንብ ይደብቃል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ሥራውን በሩብ ሰዓት ጨረሰው። መካኒኩ መሪውን ግራና ቀኝ ነካ ነካ አድርጎ፣ ባዶውን የሚዞረው ሦስት ጣት ያህል መሆኑን አይቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ በመሪው ሳጥን አናት ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አጠበቃትና ሸኘኝ። ከበሩ ስወጣ መሪው እውነትም ጠበቅ ብሎ ነበር። ሆኖም የመጀመሪያው አደባባይ ላይ አዙሬ ስለቀው መመለስ አልፈለገም፤ እንደታጠፈ ቀረ፣ በእጄ ጎትቼ ነው ያቀናሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የሳጥኑ ጥርሶች ይበልጥ የሚበሉት መሐል ላይ ነው፤ ዳርና ዳር ያሉት ጥርሶች ደህና ናቸው። የመሐሉ ልልነት እስኪጠፋ ድረስ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መሪው ወደ ዳር ሲዞር ያልተበሉት ጥርሶች ይጣበቃሉ። በዚያ ላይ የእኔ መኪና ችግር ዋናው መነሻ ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ የተሰጠኝ መድኃኒት ሁለተኛ በሽታ ሆኖ ጨመረልኝ።

ትክክለኛውን ያገኘሁት ከሱሉልታ ወጣ ብሎ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ብቻቸውን ከአንድ ረዳት ጋር የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። መኪናውን በክሪክ ለማንሳት ስዘጋጅ «ተው ልጄ፣ አታንሳው፤ በሽታው የሚታየው ሲቆም ነው» አሉኝ። ሞተሩን አስነስተው፣ ረዳቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪውን በአጭር በአጭሩ ግራና ቀኝ እንዲያዞር አዘዙትና እኔና እሳቸው ከሥር ገባን። ጎማው መሬት ላይ ሲሆን ለመዞር ስለሚቸገር ኃይሉ ሁሉ በየመጋጠሚያው ላይ ያርፋል፤ የላላው ቦታ ያኔ ይገለጣል። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ግን በትንሽ ኃይል ስለሚዞር ይህን አያሳይም። ጋሼ እያንዳንዱን የታይሮድ (የመሪውን ኃይል ለጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ጫፍ በጣታቸው ጨብጠው፣ አንዱ ብረት ከሌላው ቀድሞ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን እንድዳስስ አስተማሩኝ። ዓይን የማያየው ልልነት በጣት ይታወቃል። አንደኛው ጫፍ ከድምፅ በፊት ጣቴን ቆረቆረኝ፤ እሱ መቀየር ነበረበት። ይህ ብቻ ግን ያን ሁሉ መማታት ሊያመጣ አይችልም ብለው ወደ ሳጥኑ ተሻገሩ።

የመሪው ሳጥን ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ ነው። በቡሎኖቹ ዙሪያ የነበረውን የደረቀ መረሬ በካቻቢቴ ፍቀው ካነሱት በኋላ ቀይ የዝገት ዱቄት ታየ፤ ሁለት ብረቶች እየተፋተጉ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ደቃቅ ዱቄት አይወጣም። ቦታውን በብሩሽና በናፍጣ አጠቡና ለረዳቱ «አዙር» አሉት። ከአንደኛው ቡሎን ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ታች የወረደ፣ ከፀጉር የማይወፍር መስመር ነበር። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ናፍጣው ወደ ውስጥ ጠፋ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ደግሞ ትንንሽ አረፋ እየሠራ ተመልሶ ወጣ። ሻንሲው ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁም መሪው በዞረ ቁጥር ይከፈትና ይዘጋ ነበር። እኔ የማዞረው የመሪ ኃይል ጎማው ጋ ከመድረሱ በፊት ሳጥኑን ራሱን ያንቀሳቅስ ነበር ማለት ነው። ያቺን አረፋ እስካሁን አልረሳኋትም።

መኪናውን በክሪክ ያነሳነው ከዚያ በኋላ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ፍሬኑን እንድረግጥ ነገሩኝ። ፍሬን ሲያዝ ንቅናቄው ቢጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ግን ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። የእኛው አልጠፋም። ሲፈታ የታችኛው ኩሽኔታ ግሪሱ ወደ ቡናማ ጭቃነት ተለውጦ፣ በቀለበቱ ላይ ጥርስ የነከሰው የሚመስል ተከታታይ ጎድጓዳ ምልክት ነበረበት። ያ የመማታቱ ዋና ምንጭ እንደነበር ያረጋገጥነው በኋላ፣ አዲሱን አሞርዛተር ፈትተን ያለ እሱ ስንነዳና መሪው ሳይመታ ሲቀር ነው።

ዕቃውን ፍለጋ ሶማሌ ተራ አንድ ሙሉ ቀን ዋልኩ። ስለ ዋጋ ማውራት ሆዴን ስለሚያቆስለው እዘለዋለሁ። አሮጌውን ኩሽኔታ በኪሴ ይዤ መሄዴ ግን በጀኝ፤ የሞዴል ስም ብቻ ነግሬ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ዕቃ ታቅፌ እመለስ ነበር።

ብየዳው ላይ ጋሼ ችኮላ አልወደዱም። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ወረደ፣ የባትሪው ገመድ ተፈታ። ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ ፈልገው በትራፓኖ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በሱበት፤ ቀዳዳው ከሌለ ስንጥቁ ከብየዳው ሥር ሾልኮ ጉዞውን ይቀጥላል። ከዚያም መስመሩን በመሞረጃ ማሽን ከፍተው፣ ብረቱ እስኪያበራ ካጸዱት በኋላ እየቆራረጡ በየዱት፤ በላዩም ጫፎቹ ሰያፍ የሆኑ የብረት ሳህን ደረቡ። ጫፉ ቀጥ ብሎ ሻንሲውን በአግድም ከቆረጠው ጭነቱ በዚያው መስመር ላይ ስለሚከማች፣ አዲስ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሞላላ የሆነው የቡሎን ቀዳዳ ተሞልቶ እንደገና ተበሳ።

የኩሽኔታዎቹን ጥብቀት ለመለካት ደግሞ ከጎረቤት ማር ነጋዴ ባለመንጠቆ ሚዛን ተዋስን። ታይሮዱ ከመገጠሙ በፊት ጎማውን በሚያዞረው ክንድ ጫፍ ላይ ሚዛኑን አንጠልጥለን በመጎተት፣ ክንዱ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ክብደት አነበብን፤ ከሥር የሚገቡትን ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች እየቀነስንና እየጨመርን የጥገና መጽሐፉ ካስቀመጠው ክልል ውስጥ እስኪገባ ድረስ አራት ጊዜ ፈታን። ሚዛኑን ስመልስ ማር ነጋዴዋ ግሪሱን አሽትተው «ይኼ ከሆነ ደንበኛ አላገኝም» ብለው በናፍጣ ሳይሆን በሳሙና እንዳጥበው አዘዙኝ።

በመጨረሻ የመጀመሪያው ጋራዥ ያጠበቃት ብሎን ወደ ኋላ ተመለሰች። መሪው መሐል ላይ አሁንም አንድ ጣት ያህል ባዶውን ይዞራል። ሳጥኑ ያረጀ ነውና ይህን ተቀብዬዋለሁ፤ ቢያንስ አደባባይ ላይ ራሱን አቅንቶ ይመለሳል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የሳጥኑን ቡሎኖች እንድፈትሽ በታዘዝኩት መሠረት ባለፈው ቅዳሜ ከሥር ገብቼ ነበር። ሦስቱ እንደታሰሩ ናቸው፤ አራተኛው ሩብ ዙር ያህል ጠበቀልኝ። ሳህኑን በናፍጣ አጥቤ ልጄን «አዙር» አልኩት፤ አረፋ አልወጣም።