ማሽኑ በቀን ስንት ይጋግራል?

ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተርን በምሳሌ ማስተማር፣ ልማር ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ቀን ኮድ እንጽፋለን ብዬ፣ መብራት ሳይጠፋብኝ ላፕቶፔን ቻርጅ አድርጌ በጠዋት ገሰገስኩ። አሰልጣኛችን ግን "ላፕቶፑን ዝጉት" አለን። መጀመሪያ የቡድን ደንብ አውጡ፣ ከዚያ የምርምር ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።

የተቧደንነው በሰፈር ነው። አምስታችንም የከተማው ጫፍ ሰዎች ነን፤ እኔ ከኮዬ ፈጬ፣ ሌሎቹ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአቃቂና ከገላን። መሃላችን አንድ ጋሼ አሉ፣ የእድር ጸሐፊ ናቸው። "ደንብ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው በራ። አፍታም ሳይቆይ ገንዘብ ያዥ፣ ቃለ ጉባኤና ቅጣት ኖረን። "ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ አባል ለሁሉም ማኪያቶ ይገዛል" የሚለውን ያስገባሁት ግን እኔው ነኝ። "ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ባለቤቱን እናስፈቅዳለን" የሚለውም የእኔ ነው። ጎበዝ ተማሪ መምሰል አምሮኝ ነበር።

ጥያቄው አጨቃጨቀን። አንዱ የዶላርን ዋጋ እንተንብይ አለ። እሱን ካወቅን ምን ልንሠራ እንማራለን? በመጨረሻ እንጀራ ላይ ረጋን፦ ማሽን ፎቶ አይቶ ንጹህ ጤፉን ሩዝ ከተቀላቀለበት መለየት ይችላል ወይ? አሰልጣኙም አልሳቀብንም። "ማሽን ለርኒንግ" የሚለውን ስም በ1959 እ.ኤ.አ. ያስለመደው አርተር ሳሙኤል እንኳ ኮምፒውተሩን ያስተማረው ዳማ ነው አለን። የሰፈራችን ልጆች በቆርኪ የሚጫወቱትን ዳማ ማለት ነው።

ቅዳሜ 3 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ ካፌ ተቀጣጠርን። በመንገዴ ፎቶ ልሰብስብ ብዬ እንጀራ ሻጮቹ ጋ ወረድኩ። ሴትየዋ ዘወር ስትል ላስቲኩን በሁለት ጣቴ ገለጥ አደረግኩ። እንጀራው ገና ትኩስ ነበርና እንፋሎቱ ካሜራዬን አለበሰው። በሸሚዜ ጠርጌ ዓይኑን ከቅርብ ላነሳ ስጠጋ፦

"አንተ! ከንግድ ቢሮ ነህ?"

"ኧረ አይደለሁም እትዬ! ከማሽን ለርኒንግ ነኝ።"

"ማሽን" ስትሰማ ፊቷ ተፈታ። "በቀን ስንት ይጋግራል?"

"አይጋግርም።"

ጎረቤቶቿ ከበቡኝ። አንዷ "በዱቤ ትሰጣላችሁ?" አለችኝ።

"ታዲያ የማይጋግር ከሆነ ምን ያደርጋል?"

"ያያል።"

"አይቶስ?"

"ሩዝ ካለበት ይናገራል።"

ዝም ተባለ። ከዚያ ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ይሄ ማሽን ነው ወይስ ነገረኛ?" አለች። ሳላስፈቅድ ስለገለጥኩም አሥር እንጀራ አስገዛችኝ። ደንባችንን ሳታነበው አስከበረችው።

አንድ ችግር አለ። ማሽኑ እንዲማር ከየፎቶው ጋር መልሱም መሰጠት አለበት። "የእኔ ንጹህ ጤፍ ነው፣ ጻፍ!" አለችኝ፤ ጻፍኩ። የጎኗም "የእኔም"፤ ጻፍኩ። 11 ሻጭ ጋ ደረስኩ፣ 11 ንጹህ ጤፍ። ሩዝ የሚባል እህል ቱሉ ዲምቱን አያውቃትም።

ካፌው ስገባ 4 ሰዓት ከ10 ሆኗል። ጋሼ ደብተራቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። "በቂ ምክንያት አለህ?" እንጀራውን ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "እንጀራ በደንቡ ውስጥ የለም" ብለው ጻፉ። አምስት ማኪያቶ።

ፎቶዎቼን ተቀባበሉ። ክፍል ውስጥ ያየነው በእጅ የተጻፉ ቁጥሮች ስብስብ፣ ኤምኒስት የሚሉት፣ 70,000 ምስል አለው። የእኔ 11 ነው፣ ያውም አንዱ ግማሹ አውራ ጣቴ ነው። "ሁሉም ጤፍ ከሆነ ማሽኑ ከምን ሊለየው ነው?" አለች የአቃቂዋ። መልስ አልነበረኝም።

ጋሼ ምንም ሳይሉ ከፌስታሉ አንድ እንጀራ መዘዙ። ከዳሩ ቆርሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አላመጡ።

"ሩዝ አለበት።"

በቃ፣ የሚታመን መልስ ያለው አንድ እንጀራ አገኘን። ካሜራዬን ከፍቼ ቀና ስል ግን አራቱም እያላመጡ ነበር።