"ኩባንያው ሌባ ነው!"

ዛሬ ከእንጦጦ ስንወርድ የጓደኛዬ ማውንቴን ባይክ ፍሬም ከመቀመጫው ስር፣ ብየዳው አጠገብ፣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ደግነቱ እሱ አልተጎዳም። ገና አቧራውን ሳያራግፍ "ይሄ ኩባንያ ሌባ ነው፣ ፖስት አደርገዋለሁ!" ማለት ጀመረ።

ሳይክል ሠሪው ጋ ወሰድነው። ሰውዬው ምንም ሳይል ስብራቱን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ብርሃን አዞረው። ግማሹ ደብዝዞ ጠቁሯል፣ ግማሹ ያብረቀርቃል። "የጠቆረው ድሮ የተሰነጠቀ ነው፣ የዛሬው የሚያብረቀርቀው ብቻ ነው" አለን። አሉሚኒየም እንዲህ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ጫና ሲደጋገምበት ስንጥቁ ማንም ሳያየው ቀስ እያለ ያድግና አንድ ቀን ይለይለታል።

ከዛ የመቀመጫውን ዘንግ መዝዞ አወጣ። ዘንጉ ላይ ከዚህ በላይ አታውጡት የሚል መስመር አለ። የእኛ ሰው (ቁመቱ አይጣል ነው) ከመስመሩ አሳልፎ ነው የሚነዳው፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ጫናው እዛው ፍሬሙ የተሰበረበት ቦታ ላይ ይበረታል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ብየዳውም ደካማ ሊሆን ይችላል እኮ፣ በአንድ ፍሬም አይፈረድም። እኔ የማየው ሌሎችም ላይ እዛው ቦታ ተሰብሮ እንደሆነና ኩባንያው ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ ነው።

ፎቶና የፍሬሙን ቁጥር ልከንላቸዋል። የዘንጉንም ፎቶ ጨምረናል፣ ጓደኛዬ እሱን ባንልከው ነበር ደስ የሚለው።