አራት ፊደል

ዛሬ መሥሪያ ቤት የማየርስ ብሪግስን የስብዕና መጠይቅ ሞላን። መጨረሻ ላይ የሰውን የስብዕና ዓይነት የሚያመለክት አራት ፊደል ይሰጣል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቁጥብ፣ ብቻዋን መሆን የምትወድ የሚል ወጣላት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "በቃ፣ ከደንበኞች መስኮት ሊያነሱኝ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። አንጀቴን በላችው። እሷን ብለው የሚመጡ አዛውንቶች አሉ እኮ!

የመጠይቁ አሳታሚ ራሱ ለቅጥር መምረጫ አታድርጉት ይላል። በጥናት የተሻለ የቆመው "ታላላቅ አምስቱ" የሚባለው መለኪያ ነው። እሱ ሰውን በዓይነት አይከፍልም፣ በመጠን ነው የሚለካው። ከሚለካቸው አምስት ባሕርያት በአብዛኛው ሥራ ላይ ከውጤት ጋር አብሮ የሚሄደው ትጋትና ጥንቃቄ ነው፤ ተግባቢነት የሚያግዘው እንደ ሽያጭ ባሉ ሥራዎች ነው።

ከምሳ በኋላ አለቃችን ጋ ገብቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። ውጤቱ ለምደባ ሳይሆን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንድናሻሽልበት ይሁን አልኳቸው። "ላስብበት" አሉኝ። ነገም ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።