ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጣርማ በር ላይ ጉም ከገጠማችሁ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ጉሙ ላይ ነጥሮ ዓይን ያጭበረብራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ ያደረበት አስፋልት፣ በተለይ ጥላ ያለበት ኩርባ፣ ፀሐይ እስኪመታው ያንሸራትታል። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ፍሬን እየረገጠ ብቻ የሚወርድ ከባድ መኪና የፍሬን ሸራው ይግልና ፍሬኑ እምቢ ይላል።

መንገድ ዳር የሚሠራ ሰውስ? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ኮን (የማስጠንቀቂያ ሾጣጣ) ከሠራተኛው 10 ሜትር ላይ ማቆም ለይስሙላ ነው። ባንዲራ ያዡ ከኩርባው በፊት፣ ሾፌሩ ከሩቅ በሚያየው ቦታ ይቁም።

ጎማ ቀይሮ የታኮውን ድንጋይ አስፋልት ላይ ትቶ የሚሄደው ግን ይብሳል! ማታ ሞተረኛ ያንን ድንጋይ የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው። ረዳቱ ቢረሳ እንኳ ሾፌሩ ወርዶ ያንሳው።